ጎዳ ኮርማና ቀንዳም ጥጃ

የተከበራችሁ ከብት አርቢዎችና አድላቢዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ አርቢ ጎዳ፣ ማለትም በተፈጥሮዋ ቀንድ የሌላት ላሙን በጎዳ ኮርማ አስጠቃት። ጥጃው ወር ሳይሞላው ግንባሩን ስዳብስ፣ ግራና ቀኝ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቴን ነካው። ቀንድ! «ላምህ አጥር ዘላለች፤ አባቱ ሌላ ነው» አልኩት በሙሉ ልብ። ሰውየው አምኖኝ ላሟን ሸጣት። ያለ ማስረጃ ነበር የፈረድኩባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጃ የቀንዱን ዘረ-መል ሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። የጎዳነት ቅጂ ጉልበተኛ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተገኘ ደንበኛ ቀንድ አይበቅልም። የቀንዱ ቅጂ ግን አይጠፋም፣ አድፍጦ ይቀመጣል። ሁለት ጎዳ ወላጆች ሁለቱም ይህን ያደፈጠ ቅጂ ከያዙ፣ ጥጃቸው ቀንዳም የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ዕጣ በየወሊዱ እንደ አዲስ ይጣላል፤ ሦስት ጎዳ የወለደች ላም አራተኛውን ቀንዳም የማድረግ ዕዳ የለባትም።

አንዳንዱ ጥጃ ላይ ደግሞ ከራስ ቅሉ ጋር ያልተጣበቀ፣ ሲነኩት የሚነቃነቅ ጉጥ ታያላችሁ። ያ ሌላ ዘረ-መል የሚያመጣው ነው፤ ከቀንድ አትቁጠሩት።

ይህን ሁሉ የምለው ኮርማ ስለምትገዙ ነው። ሁለቱም ቅጂው የጎዳ የሆነ ኮርማ ቀንዳም ላሞችን ቢያጠቃ ጥጃው ሁሉ ጎዳ ይሆናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ከሆነ ግን በአማካይ ግማሹ ቀንድ ያበቅላል፤ የጋለ ብረት መልሳችሁ ታነሣላችሁ። የጥጃ ግንባር ሲተኮስ የሚወጣውን ሽታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለቱን ኮርማዎች ጎን ለጎን ብታቆሟቸው በዓይን አይለዩም። ሻጩም አይለያቸውም፣ ቢምልም።

በአሜሪካ አዮዋ ዋረን ጋመን የተባለ ጠበቃ ቀንዳም ከሆነው የሄርፎርድ ዝርያ መካከል በተፈጥሮ ጎዳ ሆነው የተወለዱትን በደብዳቤ አፈላልጎ፣ በ1901 እ.ኤ.አ. በ11 ከብት ብቻ ጎዳ ሄርፎርድን ማርባት ጀመረ። እሱ ኮርማ የሚለየው በልጆቹ ነበር፤ ወልዶ እስኪታይ መጠበቅ ነው። ዛሬ ጎዳነትን የሚያመጣው የዘረ-መል ለውጥ ያለበት ቦታ፣ ክሮሞሶም (ዘረ-መሎችን የተሸከመ ክር) ቁጥር አንድ ላይ፣ ስለሚታወቅ በላቦራቶሪ ይመረመራል።

ለሚያርስ ገበሬ ይህን አልሰብክም፤ በሬውን የሚይዘው በቀንዱ ነው። በጠባብ በረት አጉሮ ለሚያደልብና በመኪና ለሚጭን ግን ቀንድ ቆዳ ይቀድዳል፣ ሥጋ ያበልዛል። ጎዳነትም የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ ደቡብ ምዕራብ ያለው የሸኮ ዝርያችን ውስጥ ጎዳ ከብት አለ።

ለምርመራው የሚበቃው ከጭራ ከነሥሩ የተነቀለ ጥቂት ፀጉር ነው። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ በታሰረው ኮርማ ላይ አሳያችኋለሁ፤ ጭራውን የሚይዝልኝ አንድ ደፋር ግን እፈልጋለሁ።