ለማክም ለዊንዶውስም የሚሆን ሃርድ ዲስክ

አቅራቢዋ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በዊንዶውስም በማክም እንዲሠራ እንዴት ፎርማት እንደሚደረግ ነው። የዘመዴን የሠርግ ቀረጻ በዊንዶውስ ስጠቀምበት በኖርኩት ዲስክ ጭኜ ማክ ወደሚጠቀም አርታዒ ወስጄ ነበር፤ ፋይሎቹ ያለ ችግር ተከፈቱ፣ ተቀናብሮ ያለቀውን ቪዲዮ ግን ዲስኩ ላይ መልሶ መገልበጥ አልተቻለም።

አቅራቢው፦ ዲስክሽ ኤንቲኤፍኤስ ስለነበረ ነው። ይህ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ያወጣው የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ ሲሆን፣ ማክ ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነለት አይጽፍበትም። የአፕልን ኤፒኤፍኤስ ደግሞ ዊንዶውስ በራሱ ማንበብ እንኳ አይችልም።

አቅራቢዋ፦ ያን ዕለት የአርታዒው አንድ ባልደረባ ፋት 32 አድርጉት ሲል ሰምቻለሁ።

አቅራቢው፦ ፋት 32 በሁሉም ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበለውም፤ ዲስኩ 2 ቴራባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም እንኳ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ኤክስፋትን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣው፤ ማክ ከሥሪት 10.6.5 ጀምሮ ይጽፍበታል፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ከሆነ በኋላም በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ገብቷል።

አቅራቢዋ፦ አሠራሩስ?

አቅራቢው፦ ፎርማት ሲደረግ ያለው ፋይል ሁሉ ስለሚጠፋ፣ አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ግድ ነው። በዊንዶውስ ዲስኩ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፎርማት» ማለትና ኤክስፋትን መምረጥ ይበቃል። ማክ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ በዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ሁሉም መሣሪያዎች እንዲታዩ አድርጎ፣ ከሥር የተዘረዘረውን ክፋይ ሳይሆን ከላይ ያለውን የዲስኩን ስም መምረጥ፣ ከዚያም የዲስኩ አከፋፈል በሚመረጥበት በስኪም ቦታ ላይ ጂዩአይዲ የሚለውን ማድረግ ያስፈልጋል።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ ኤክስፋት እንከን የለውም ማለት ነው?

አቅራቢው፦ አለው እንጂ፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ኤንቲኤፍኤስና ኤፒኤፍኤስ በመጻፍ ላይ ሳሉ ቢቋረጡ ሥርዓታቸው እንዳይበላሽ የሚጠብቁበት መንገድ አላቸው፤ ኤክስፋት ግን ጆርናል፣ ማለትም ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም። ፋይል እየተገለበጠ መብራት ድንገት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል፣ ያ ፋይል ብቻ ሳይሆን የዲስኩ የፋይል ሰንጠረዥ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ መገልበጡ ማለቁን አይቶ፣ «ኢጀክት» ብሎ፣ ከዚያ መንቀል የግድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ በዴስክቶፕ ከመገልበጥ ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ መገልበጥን እመርጣለሁ።

አቅራቢዋ፦ የሠርጉን ቀረጻ እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ባስቀምጠውስ?

አቅራቢው፦ በፍጹም። ኤክስፋቱ ለማመላለሻ ይሁንሽ፤ ዋናው ቅጂ በራስሽ ኮምፒውተር ሥርዓት ፎርማት በተደረገ ሌላ ዲስክ ላይ ቤት ይቀመጥ።