ሙቀትና ቱና

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰመር ሲገባ ዋሽንግተንና አካባቢው ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ወደ ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ ትወርዳላችሁ። ዛሬ የማወራው ከዚያ ወደብ ሌሊት ተነስተው ቱና ፍለጋ ጥልቁ ባሕር ድረስ ስለሚዘልቁት ጀልባዎች ነው። ስለ ቱና ሳስብ ሁሌም የምመለሰው ሙቀት ላይ ነው። ዓሣው የት እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው፤ ከተያዘ በኋላ ሥጋውን የሚያበላሽብንም እሱው ነው።

ባልቲሞር ካንየን የሚባለው የባሕር ውስጥ ገደል ከወደቡ ወደ 60 ማይል ይርቃል። በ20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) ፍጥነት ሦስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። እዚያ ወለሉ በድንገት ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ገልፍ ስትሪም ከሚባለው የአትላንቲክ ሞቃት የባሕር ጅረት ተገንጥሎ የመጣ ሞቃት ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ ቱናውም ይከተላቸዋል። ካፒቴኑ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት የሳተላይት የሙቀት ካርታ ያያል። ሲደርስ ደግሞ ቴርሞሜትሩን ይከታተላል፦ በአጭር ርቀት አንድ ሁለት ዲግሪ ሴልሺየስ ከጨመረ፣ አረንጓዴው ውሃም ሰማያዊ ከሆነ፣ መፈለግ ያለበት እዚያው ነው።

በብዛት የሚያዘው የሎፊን፣ ማለትም ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ነው። ባሊሁ የምትባል ቀጭን ዓሣ መንጠቆ ላይ ተሰክታ ከ6 እስከ 7 ኖት በሚሆን ፍጥነት ትጎተታለች። መንጠቆው በሆዷ መሃል መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ካልወጣ ትሽከረከራለች፤ ክሩ ይጠማዘዛል፣ ቱናውም ይርቃታል። ማልዶ ያለ ምክንያት ባዶ የዋለ ጀልባ ካያችሁ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህን ነው። የሪሉን፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበትን መዘውር፣ ፍሬን በግምት አታጥብቁት። በሚዛን ስባችሁ የክሩን አቅም አንድ ሦስተኛ አድርጉት፤ ክሩ 50 ፓውንድ ከሆነ 16 ገደማ። አንዱ የማጥመጃ ዘንግ ሲጎተት ጀልባውን ወዲያው አታቁሙ። ቱና በመንጋ ስለሚሄድ ጥቂት ከቀጠላችሁ ሌሎቹም ዘንጎች ሊያዙ ይችላሉ።

ዓሣው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ከጀልባው ሥር ቀጥ ብሎ ወርዶ መዞር ይጀምራል። ክሩ ጎኑን ወይም ፕሮፔለሩን ከነካ አለቀ። ስለዚህ ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ወደፊት እየነዳ ዓሣውን ከኋላ ማዕዘን ያርቀዋል፤ ዘንጉን የያዘው ደግሞ በአጫጭር ስበት ይሠራል። ሜንጦው፣ ዓሣው ወደ ጀልባ የሚሳብበት ባለ እጀታ መንጠቆ፣ ጭንቅላት ላይ ይግባ። ወገቡ ላይ የተወጋ ቱና ምርጡ ሥጋው ይበላሻል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከማጥመዱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቱና እንደ አብዛኛው ዓሣ አይደለም፤ የደም ሥሮቹ አሠራር የጡንቻውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። ሲታገል ደግሞ ይበልጥ ይግላል፣ አሲድም ይከማቻል። በፍጥነት ካልቀዘቀዘ ሥጋው ግራጫና ፍርፍር ይሆናል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ስለዚህ ልቡ ገና እየመታ ሳለ ደሙ ይፍሰስ። የጎን ክንፉን ወደ ገላው አጥፉት፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ፣ በሁለቱም ጎን፣ በጥልቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ደም ቅዳው እዚያ ነው። ስንጥቡንም፣ ማለትም የሚተነፍስበትን፣ ቁረጡ። ደሙ መፍሰሱን ሲያቆም ሆድ ዕቃውን አውጡ፤ ሙቀቱ በብዛት የተቀመጠው መሃል ነው።

ውሃ በሌለው በረዶ ላይ ማስተኛት አይበቃም፤ በበረዶው መካከል አየር ይቀራል። ሁለት እጅ በረዶ ከአንድ እጅ የባሕር ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ጨዋማው ድብልቅ ከዜሮ በታች ትንሽ ይወርዳል፣ ገላውንም ከሁሉም አቅጣጫ ያቅፈዋል። በነሐሴ ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዓሣ ቢያንስ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ። ከተበለተ በኋላ ግን ሥጋውን ከቀለጠ በረዶ ውሃ ለዩት፤ ይገረጣል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ከመንዳታችሁ በፊት በረዶውን አድሱ።

ስለ ደንቡ አንድ ነገር ልበል። የሎፊን ለአንድ ሰው በቀን 3 ነው፤ ከአፍንጫ ጭራው ለሁለት እስከሚከፈልበት ድረስ በገላው ላይ ሲለካ ከ27 ኢንች ማነስ የለበትም። ፈቃዱን የሚይዘው ጀልባው ነው። ብሉፊን የሚባለው የሌላው ቱና ዓይነት ገደብ በወቅቱ መካከልም ይለወጣል፤ ሳትጠይቁ አትውጡ።

የእኛ ሰው ቱናን እንደ ክትፎ በሚጥሚጣ መብላት ይወዳል፤ ስለዚህ ይህን በብርቱ እላለሁ። ሙቀት ላይ የቆየ ቱና ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል። ምግብ ማብሰልም ሆነ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል። አንዳንዴ አስቀድሞ ምላስን እንደ በርበሬ ይለበልባል። በሚጥሚጣ የታሸ ዓሣ ላይ ግን ያንን ማስጠንቀቂያ ማን ይለየዋል? ስለዚህ ቅመም ከመንካቱ በፊት ትንሽ ቁራሽ ለብቻዋ ቅመሱ፤ ከለበለባችሁ ሁሉንም ጣሉት። ባይለበልብም እንኳ በረዶው መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠና ዓሣው ሞቆ ከደረሰ አትብሉት።