ፈሳሹ ጠራ ማለት ባትሪው ሠራ ማለት አይደለም

[ምስል፦ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች፣ በውስጣቸው ቢጫ ቡናማ ፈሳሽ]

ይህን ቀለም የሰጠው ፖሊሰልፋይድ የሚባል የሊቲየምና የድኝ ውህድ ነው። የሊቲየም ሰልፈር (ድኝ) ባትሪ ዋና ጣጣ እሱ ነው።

ባትሪው በወረቀት ላይ ጉድ ነው። አንድ ግራም ድኝ እስከ 1675 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የኮባልት ካቶድ (የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ) 200 አካባቢ ነው። ድኝ ደግሞ ርካሽ ነው፤ የነዳጅ ማጣሪያዎች ተረፈ ምርት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ዜፊር የተባለችው በፀሐይ የምትሠራ ሰው አልባ አውሮፕላን አሪዞና ላይ ከ14 ቀን በላይ አየር ላይ ስትቆይ፣ ሌሊቱን ያሻገራት ይኸው ባትሪ ነው።

ታዲያ ስልካችን ውስጥ ለምን አልገባም?

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ድኙ ደረጃ በደረጃ ይሰባበራል። መሀል ላይ የሚፈጠረው ፖሊሰልፋይድ ይሟሟና ወደ ሊቲየሙ ይሄዳል። ድኙ ከቦታው ጠፋ ማለት ነው። የመጨረሻው ደረጃ፣ ከፈሳሽ ወደ ጠጣር፣ ቀርፋፋ ነው። ችግሩ ከአቅሙ ሦስት አራተኛው ያለው እዚያ ላይ መሆኑ ነው። ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ አንደኛው ብልቃጥ ውስጥ ጥቁር የካታሊስት ዱቄት ይጨመራል፤ ከሰዓታት በኋላ ፈሳሹ ጠርቷል]

ይህን ፎቶ ብዙ ጥናት ላይ ታገኙታላችሁ። ያምራል። ግን የሚያሳየው ዱቄቱ ፖሊሰልፋይዱን መያዙን ብቻ ነው። ጥሩ ደላላ አገናኝቶ ዞር ይላል፤ ካታሊስትም እንደዚያው። አጥብቆ ከያዘ ጠጣሩ ላዩ ላይ ይጋገርና ሥራው ይቆማል። ካላላ ደግሞ ያመልጠዋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ሳባትዬ ይህን የመሀል መንገድ ካነሳው መቶ ዓመት አልፏል።

መፍጠኑ ብቻውን አይበቃም፤ መክረምም አለበት። በአንዱ የካታሊስት ዓይነት ብረት ወይም ኮባልት አንድ አንድ አቶም ሆኖ ካርቦን ላይ ይበተናል፤ እያንዳንዱን አራት ናይትሮጅን ይይዘዋል። የሚባክን አቶም የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አያያዙ ከላላ አቶሞቹ ተንሸራተው ይጓጉላሉ። ሌሎቹ ካታሊስቶች፣ ኦክሳይድና ናይትራይድ (የብረታ ብረት ውህዶች ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጅን ጋር)፣ ደግሞ ድኝ በበዛበት ላያቸው ወደ ሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ሊለወጥ ይችላል። ያስገባችሁት ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ! ለዚህ ነው ባትሪው እየሠራ በኤክስሬይ መታየት ያለበት።

[ምስል፦ የኤሌክትሮላይት (የባትሪው ውስጥ ፈሳሽ) ጠብታ ድኝ የተቀባ ቁራጭ ላይ ሲወድቅ]

«አስደናቂ ካታሊስት» የሚል ርዕስ ስታዩ እኔ መጀመሪያ የምፈልገውን ፈልጉ፦ ለአንድ ሚሊግራም ድኝ ስንት ማይክሮሊትር ኤሌክትሮላይት ፈሰሰ? በ20 ማንም ያሳምረዋል። ከ5 በታች ሲወርድ ነው ጉዱ የሚታየው።