ሳይነገረን የሚጠፋው ረድፍ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ አሮጌው ኤክሴል፣ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ስለምንሠራበት ፕሮግራም፣ ላውራችሁ። ከ97 እስከ 2003 የወጣውን፣ የፋይሉ ስም በ«ኤክስኤልኤስ» የሚያልቀውን ማለቴ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

አንዱ ሺት፣ ማለትም አንዱ የሠንጠረዥ ገጽ፣ 65,536 ረድፍና 256 ዓምድ ይይዛል። ጥቂት አይደለም። በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የሚባል ቀደምት የሠንጠረዥ ፕሮግራም 254 ረድፍ ብቻ ነበረው። ግን አንድ ቁጥር ስትቀይሩ ድምሩ ራሱ ይስተካከላል። በእርሳስና በላጲስ ሲሠራ ለኖረ የሒሳብ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ በገደቡ አልከፋም። የሚያስፈራኝ ሳይነገረን የሚጠፋው ነው።

በ2020 እንግሊዝ አገር የሆነውን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ከላቦራቶሪ የሚመጣው የኮቪድ ውጤት በዚሁ አሮጌ ፋይል ይጫን ነበር። የአንድ ሰው ውጤት በርካታ ረድፍ ይወስዳል። ፋይሉ ሲሞላ የተረፈው ውጭ ቀረ። ቫይረሱ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለቱ ቆጠራ ወጡ። ለራሳቸው ውጤቱ ተነግሯቸዋል። አብረዋቸው የዋሉትን ፈልጎ የሚያስጠነቅቀው ክፍል ግን ስማቸው በጊዜው አልደረሰውም። እነዚያ ምንም ያልሰሙ ሰዎች ሥራ ሲገቡ፣ ወላጅ ሲጠይቁ ይታየኛል።

እኛ ጋም አለ። 0911 ብላችሁ የጀመራችሁት ስልክ ዜሮዋን ያጣል። ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ስታስገቡ የመጨረሻው አኃዝ ዜሮ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ቀን ነው። ጥቅምት 30ን በኛው አቆጣጠር 30/2/2012 ብትሉት፣ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ይሄስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ያስታውቃል። ጳጉሜ 5ን 5/13/2012 ብትሉትና ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ቢሆን ግን ሜይ 13 ብሎ ይቀበለዋል። በቀን ስትደረድሩት ክፍያው ሌላ ወር ውስጥ ይገባል።

የ2007ቱ እትም ረድፉን 1,048,576 አደረሰው እንጂ ይህን አላስተካከለም። እባካችሁ፣ ስልክና የኛን ቀን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» (ተራ ጽሑፍ) አድርጉት። ከሌላ ቦታ መረጃ ስታመጡም እዚያ ስንት ረድፍ ነበር፣ እዚህስ ስንት ገባ ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ ሳልቆጥር ለማንም ፋይል አልልክም።