ሶናሩ ከመከፈቱ በፊት

እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማናግራችሁ። ከኛ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ የሚወርደው መንገድ መዳረሻው አሰብ ነበርና ለወሎ ሰው የባሕር ወሬ እንግዳ አይደለም። አገራችንም ባሕር ኃይሏን መልሳ እያቋቋመች ነው። ዛሬ የማነሳው በባሕር ኃይል ልምምድ ጊዜ ዓሣ ነባሪዎች እንዴት እንደሚጠበቁ ነው።

ጦሱ ሶናር ነው። መርከቧ ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት ኃይለኛ ድምፅ ትለቅና ተመላሹን ታዳምጣለች። በዚህ ክፉኛ የሚጎዱት ምንቃራም ዓሣ ነባሪዎች፣ ማለት አፋቸው እንደ ምንቃር የሾለ ጥልቅ ጠላቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 በስፔን ካናሪ ደሴቶች አጠገብ በተደረገ ልምምድ፣ ሶናሩ በተከፈተ በ4 ሰዓት ገደማ ዳርቻ ላይ ይወጡ ጀመር፤ 14 ያህል ነበሩ። የሞቱት ሲመረመሩ በደም ሥራቸው የጋዝ አረፋና የስብ ጠብታ ተገኘ። ጠላቂ ሰው ከጥልቀት በችኮላ ሲወጣ የሚደርስበት ዓይነት ጉዳት ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደንብ እንዲህ ይላል፦ እንስሳ በ900 ሜትር ገደማ ውስጥ ከታየ የሶናሩ ኃይል በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ይቀነሳል፤ የድምፁ ግፊት በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። በ450 ሜትር ሌላ 4 ዴሲቤል ይቀነሳል። በ180 ሜትር ይጠፋል። ከዚያ እንስሳው ለ30 ደቂቃ ካልታየ መልሶ መክፈት ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ 30 ደቂቃ ናት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኩቪየር ምንቃራም ዓሣ ነባሪ ግን 2,992 ሜትር ድረስ ሲጠልቅ ተመዝግቧል። አንዱ ጥልቂያው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመርከቧ ላይ ባሕሩን የሚቃኘው ጠባቂ መነጽሩን ይዞ «ሄዷል» ሲል እንስሳው ከመርከቧ ሥር ሊሆን ይችላል። በሌሊትና በማዕበል ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ለዚህ ነው ዋናው ጥበቃ ካርታው ላይ ነው የምለው። ልምምዱ ከጥልቅ የባሕር ገደልና ማምለጫ ከሌለው ጠባብ መተላለፊያ ይራቅ። ከቀናት በፊት የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ይጣልና ይደመጥ፤ ምንቃራሞቹ ሲያድኑ በድምፅ ነውና፣ ዓይን ያጣውን ጆሮ ያገኘዋል። ላይ ላዩን ሲሆኑ ግን ዝም ስለሚሉ ዝምታው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2004 በካናሪ ዙሪያ ሶናር ከለከለች፤ በተከታዮቹ ዓመታት የጅምላ ሞቱ ቆመ።

በቀይ ባሕር ዶልፊንም፣ ዱጎንግ የሚባለው ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳም አሉ። ዱጎንግ የሚግጠው ጥልቀት በሌለው የባሕር ሣር ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የበለጠ የሚያሰጋው የጀልባ ፍጥነት ነው። የኛ መኮንኖች ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ሥልጠናቸው ጋር ቢማሩት እወዳለሁ። ጠባቂውም «አየሁ» ባለ ቅጽበት ሶናሩ ይጥፋ፤ የአዛዡ ጥያቄ በኋላ ይመጣል።