ከዛፉ በፊት ወሰኑ
ለበጎ አገልግሎት ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የክበባችን አባላትና እንግዶች፣

ባለፈው ስብሰባችን «የአካባቢያችንን መናፈሻ ለመጠበቅ ምን እናድርግ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከአዳራሹ የተሰማው የመጀመሪያ መልስ «ችግኝ እንትከል» የሚል ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን አጥንቼ እንድመለስ ኃላፊነቱን ከሰጣችሁኝ ወዲህ ያነበብሁትና ያየሁት ሁሉ ወደ ሌላ ነገር ወሰደኝ። መናፈሻ መሞት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዳሩ ነው። ስለዚህ ከዛፉ በፊት ስለ ወሰኑ ልናገር።

አጀማመሩን ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ብሎ ዳር ላይ አሸዋና ድንጋይ ያራግፋል። ክምሩ ሲነሣ በቦታው መኪና ይቆማል። ጎማ የደለደለው መሬት ሣር ማብቀል ያቅተዋል፤ ሣር የሌለው መሬት «ባዶ ቦታ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ መንገድ ለማስፋት፣ ሌላው የውሃ ማጠራቀሚያ ለማቆም፣ ሌላው ቢሮ ለመሥራት ይፈልገዋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ስለሆነ እምቢ ለማለት ያስቸግራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሲደመር ነው፤ የሚደምር ሰው ግን የለም። ያንን ሥራ ይህ ክበብ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

ከሰው አገር ታሪክ ሁለት ነገር ላንሣ። እንግሊዛዊቷ ኦክታቪያ ሂል እ.ኤ.አ. በ1875 ለንደን ውስጥ ስዊስ ኮቴጅ የሚባለውን ሜዳ ከግንባታ ለማዳን ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። ገንዘቡም እየመጣ ነበር። ባለመሬቶቹ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩና ሜዳው ቤት ተሠራበት። እርሷ ግን አልተወችውም፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1895፣ መሬትን በራሱ ስም ይዞ ለሕዝብ የሚጠብቀውን ናሽናል ትረስት የተባለ ድርጅት ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መሠረተች።

በዚያው አገር የኤፒንግ ጫካ ዕጣ ሌላ ሆነ። ባለርስቶች ጫካውን በአጥር እየቆረሱ ሲወስዱት የለንደን ሲቲ አስተዳደር በ1871 ከሰሳቸው። በምን መብት? አስተዳደሩ ቀደም ሲል ለመቃብር የሚሆን መሬት በአካባቢው ገዝቶ ነበር፤ ያ መሬት ደግሞ በጫካው ውስጥ ከብት የማሰማራት ጥንታዊ መብት ነበረው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ያን ያህል ጫካ የዳነው ከመቃብር መሬት ጋር በመጣ የቆየ መብት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1874 ከ1851 ወዲህ የተሠሩት አጥሮች ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ ፈረደ። በ1878 የወጣው ሕግም ጫካው ሳይታጠርና ሳይገነባበት ለሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን አዘዘ። ዛሬም 2,400 ሄክታር ገደማ የሚሆን ጫካ እዚያው ቆሟል።

የሕዝብ ፍቅር በሁለቱም ቦታ ነበር። በአንዱ ግን በእጅ የተያዘ መብት ነበር። ስለዚህ እኛም እንጠይቅ፦ የመናፈሻው የይዞታ ካርታ ያለው በማን እጅ ነው? የወሰን ምልክቶቹ ዛሬም በቦታቸው ናቸው? አገልግሎቱ እንዲቀየር የሚወስነው ማን ነው? ከመወሰኑ በፊትስ ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታው ነው? ይህ የሚሰለች ሥራ ነው፤ ፎቶግራፍም አይነሡበትም። ሆኖም ማንም ተነሥቶ «ባዶ ነበር» ሲል መልስ የሚሆነው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ፤ እርሱም ቢሆን የተረሳ ወሰን አለው። አብዛኞቻችን ሥር ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለናል። ውሃና ምግብ የሚስበው ሥር ግን በአብዛኛው ከላይ ባለው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከጥላው ጫፍ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ከግንዱ ብዙ ሜትር ርቆ የቆመ መኪና ሥሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው። አፈር ሲጠቀጠቅ አየርና ውሃ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ዝናቡ ከመስረግ ይልቅ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ዛፉም ወዲያው ሳይሆን ዓመታት ቆይቶ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ያቺን መኪና የሚያስታውሳት የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰው የሚሄድበትን መንገድ ለይቶ ማበጀት፣ ጥላው ያረፈበትን መሬት ከጎማ መከልከል፣ የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ከማቃጠል ይልቅ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ መልክ ከሥሩ ማልበስ። ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፤ ከነካው ቅርፊቱ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል። ችግኝም እንተክላለን፤ የምለምናችሁ ግን ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስም ሳይመዘገብ አንዲትም ጉድጓድ እንዳንቆፍር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በበጋ ወራት የሚጠማውን ችግኝ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ የተከላው ቀን ደስታ ምን ይረባል?

ለመጀመር ብዙ ሰው አያስፈልገንም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በዋናው በር እንገናኝ። የካርታውን ቅጂ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ይመረጡ። ሌሎቻችን የመለኪያ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዘን ዙሪያውን በእግራችን እንሂድ፤ የተነቀለ የወሰን ድንጋይ፣ የተገፋ አጥር፣ የተራገፈ አሸዋ ካየን ቀኑን ጽፈን ፎቶግራፍ እናንሣ። በየሦስት ወሩ በዚያው መንገድ እንመለሳለን። አብረውኝ የሚሄዱ እጃቸውን ያንሡልኝ፤ ስማችሁን አሁኑኑ እጽፋለሁ።