የከተማ ገንዘብ ከሐምሌ እስከ ሰኔ

(ምስል፦ ደሴ ከጦሳ አናት ስትታይ፤ ዝናብ)

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከአስተዳደሩ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ማጽዳት ነው። ለዚህ ሥራ ሪባን አይቆረጥም።

(ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፣ ሰኔና ሐምሌ ጎልተው)

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ልብ በሉ፤ አዲሱ በጀት የሚጀምረው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ቦዩ በግንቦት እንዲጸዳ ገንዘቡ ከአሮጌው በጀት መቆየት አለበት። በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ግን ሌላ ነው፤ «ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል» እየተባለ በሰኔ ግዥው ይጣደፋል። ወንበር ይገዛል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሥልጠና ይዘጋጃል። ደረሰኙ ሁሉ የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ብክነት እለዋለሁ።

(ምስል፦ የቅሬ ስብሰባ)

ወሎ ውስጥ ቅሬን የማያውቅ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጥቶ ሬሳ ይቀብርበታል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናበታል። ሰብሳቢው በዚያ መዋጮ ንግድ ልጀምር ቢል አባላቱ ዝም አይሉትም፤ ገንዘቡ የተዋጣው ለሌላ ነው። ከተማም እንዲሁ ነው። ግብር፣ የሊዝ ክፍያ፣ የገበያ ቦታ ኪራይ የሚሰበሰበው ለመንገድ፣ ለመብራት፣ ለቆሻሻ፣ ለቦይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ይህ ከንቲባውንም ይመለከታል።

(ምስል፦ የወልድያ ስታዲየም)

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። ወልድያ በ2009 በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ የተሠራ ስታዲየም ተመርቆላታል። እንዲህ ያለ ስጦታ ሲሠራ የከተማን ካዝና አይነካም። ሣር ማጠጣት፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ጥገና ግን በየዓመቱ ይመጣሉ። በካፒታል በጀት (ለግንባታ በሚያዘው) አንዴ የተሠራ አዳራሽ ከመደበኛው በጀት (ለየዓመቱ ሥራ ማስኬጃ ከሚያዘው) ዕድሜ ልኩን ይበላል። ያ ሳይታሰብ ሲቀር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው የቦይ ማጽጃው ነው፤ ጮሆ የሚከራከርለት የለምና።

(ምስል፦ የምክር ቤት አዳራሽ)

በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች አዲስ ገቢ ያገኛሉ ማለት ነው። ከፋዩ ደግሞ ቤት ያለው ነዋሪ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። የከተማችሁ የበጀት ረቂቅ ለምክር ቤት ሲቀርብ የቀበሌያችሁን ተመራጭ ያዙና ስለ እያንዳንዱ አዲስ ግንባታ ጠይቁ፦ ካለቀ በኋላ በዓመት ስንት ይፈጃል? ከየትኛው ገቢ ይከፈላል? ለዚህ ዓመት ቦይስ ስንት ተይዟል?